የማያበሩት ጤነኛ

በዓለም ላይ ስለ በሽታ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ በሽተኛም እንዲሁ። ጤነኛው ሰው ማን እንደ ሆነ በማዕረጉና በቢሮ ቁጥሩ ለይቶ ያስታወቀ መሥሪያ ቤት ግን ከዚህ ተቋም በቀር አልተሰማም። ይህ ታላቅ ሥራ የተሠራው በአራት ስብሰባ ነው። አምስተኛው ስብሰባ ሥራውን ለማፍረስ ሃያ ደቂቃ በቃው። ቃለ ጉባኤ አልተያዘለትም፤ ስለዚህ እንዳልተደረገ ይቆጠራል።

ተቋሙ ደም ይመረምራል። ሦስት ፎቅ ነው። በላይኛው ፎቅ ዋና ዳይሬክተሩ አሉ፤ ሠራተኛው «ዋናው» ይላቸዋል። በመካከለኛው ፎቅ ዋናውን የሚያገለግሉ ክፍሎች አሉ። ደሙ የሚመረመረው ምድር ቤት ነው። እዚያ አንዲት ሴትና አንድ ማሽን አሉ።

ሴትዮዋን «ጨለሜ» ይሏታል። እናቷ ያወጣችላት ስም አይደለም፤ ሥራዋ ብርሃን ስለማይወድ ነው። ፍሪጇ ውስጥ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ብልቃጥ አለ። በብልቃጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ አንቲቦዲ ይባላል። ጠባዩ እንዲህ ነው። በሽታ ከሚከላከሉት የደም ሴሎች ገላ ላይ አንድ ምልክት ይፈልጋል፤ ሲያገኘው ይጣበቅበታል፤ ሌላ ነገር ላይ አይጣበቅም። አንቲቦዲው ላይ ቀለም ታስሮበታል። ቀለሙ ሌዘር ሲያርፍበት አረንጓዴ ያበራል። ማሽኑ ሴሎቹን በቀጭን ቱቦ አንድ በአንድ እያሳለፈ ያበሩትን ይቆጥርና ከመቶ ስንት እንደ ሆኑ ወረቀት ላይ ያወጣል። በዚያ በሽታ የተያዘ ሰው ቁጥሩ እየወረደ ይሄዳል። ነገሩ ይኸው ነው። ቀለሙ ግን የክፍል መብራት ሲያገኘው ይደክማል። ስለዚህ ሴትዮዋ መጋረጃዋን ዘግታ፣ መብራቷን አጥፍታ ነው የምትሠራው። በኮሪደሩ የሚያልፍ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ «አለሽ?» ይላል። «አለሁ፤ ዝጋው» ትላለች። የሃያ ሁለት ዓመት ማኅበራዊ ኑሮዋ ይህ ነበር።

ከመንገዱ ማዶ ባለው ሆስፒታል ለአንድ አዲስ መድኃኒት ጥናት አርባ በሽተኞች ተኝተዋል። ደማቸው በየሳምንቱ ወደ ጨለሜ ይመጣል። ቱቦው ላይ ቁጥር እንጂ ስም የለም። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ግን ማን እንደ ሆነ ታውቃለች፤ ቁጥሩ ክንዱ ላይ ታስሮለት አሳይቷታል። ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ያሳደገችው እሷ ናት። የደሙ ቁጥር ከመቶ ዘጠኝ ደርሶ ነበር። መድኃኒቱ ከተጀመረለት ወዲህ መውረዱን አቁሟል፤ መውጣት ግን ገና አልጀመረም።

ጥናቱ እንዲቀጥል አንድ ነገር ይጎድላል፤ የበሽተኛው ቁጥር የሚመዘንበት የጤነኛ ሰው ቁጥር። ጨለሜ ሃያ ጤነኛ ሰዎች ደም እንዲሰጧት በአራት መስመር ደብዳቤ ጠየቀች። ደብዳቤው ወደ መካከለኛው ፎቅ ወጣ። በዘጠነኛው ቀን «የጤነኛ ሰው መራጭ ዐቢይ ኮሚቴ» ተቋቋመ። ሰብሳቢው የሰው ሀብት ኃላፊው ነው። አባሎቹ የግዢ ኃላፊዋና ጸሐፊው ናቸው። ጨለሜን ለማብራሪያ ጠርተው በሩ አጠገብ አስቀመጧት።

«ሃያ ጤነኛ ከየት ይመጣል?» አለ ሰብሳቢው።

«ከሠራተኛው» አለች የግዢ ኃላፊዋ።

«ሠራተኛው ጤነኛ መሆኑን በምን እናውቃለን?»

«በምርመራው።»

«ምርመራውስ ጤነኛውን በምን ያውቀዋል?»

«ከሃያው ጤነኛ።»

ጸሐፊው ይህን ሁሉ ጻፈ። ሲጨርስ አነበበው፤ አንብቦ ሲጨርስ አንገቱን ወዘወዘ። ኮሚቴው ሻይ ጠጣ። ከሻይ በኋላ የግዢ ኃላፊዋ ሃያ የሚያጠራጥር ከምንሰበስብ አንድ የማያጠራጥር ብንይዝስ አለች። ሦስቱም ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ። ከጣሪያው በላይ የዋናው ቢሮ ነው።

ዋናው በእርግጥ የማያጠራጥሩ ሰው ነበሩ። በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን የሕመም ፈቃድ አልጠየቁም፤ የሚጠይቁት ሰው አልነበራቸውም። የሕይወት ታሪካቸው በመስተዋት ፍሬም ገብቶ ምድር ቤት፣ ከጨለሜ በር ፊት ለፊት ተሰቅሏል። «ለተከበሩ እናትና አባታቸው አንድያ ልጅ ሆነው ተወለዱ» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያለውን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው የለም።

ደም የሰጡት ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ነው። አስቀድመው ንግግር አደረጉ። «ይህ ደም ከዛሬ ጀምሮ የእኔ አይደለም፤ የመጪው ትውልድ ነው» አሉ። ጭብጨባው ሲያበቃ ጨለሜ መርፌዋን አወጣች። ዋናው መርፌውን አዩና ለመጪው ትውልድ ስንት ጠብታ እንደሚበቃው ጠየቁ። አንድ ቱቦ አለቻቸው። ግማሽ አይበቃውም ወይ አሉ። በመጨረሻ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ የሰው ሀብት ኃላፊውን እጅ ጨብጠው ሰጡ። ኃላፊው ያን እጁን ሁለት ቀን ሙሉ ኪሱ ውስጥ ይዞ ዋለ። ለክብር ነው ያሉ አሉ፤ ጣቶቹ አብጠው ነው ያሉም አሉ።

ጨለሜ መጋረጃዋን ዘጋች። ደሙን ከአንቲቦዲው ጋር ቀላቀለች፤ ግማሽ ሰዓት ጠበቀች፤ አጠበች፤ ለማሽኑ ሰጠች። ማሽኑ ዜሮ አለ። ደገመችው። ዜሮ። ሦስተኛ ጊዜ ሞከረች። ዜሮ። አንቲቦዲው ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ከራሷ ክንድ ቀድታ ሞከረች። ማሽኑ አርባ አንድ አለ። ብልቃጡ ደኅና ነው ማለት ነው።

ከብልቃጡ ጋር የመጣውን ወረቀት አወጣች። ከታች በደቃቅ ፊደል እንዲህ ይላል፤ አልፎ አልፎ የዚህ ምልክት ጫፍ ቅርጹ ትንሽ የተለየ ሰው ይወለዳል። ሴሉ አለ፤ ምልክቱም አለ፤ ሥራውን ይሠራል። ይህ አንቲቦዲ የሚይዝበት ጫፍ ብቻ ተለውጧል። ሰውየው ምንም አይሆንም። በሌላ ጎን የሚይዝ ሁለተኛ ዓይነት አንቲቦዲ ቢሞከርበት እንደማንኛውም ሰው ያበራል። ከዚያ ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ጨለሜ እሱንም አነበበችው፤ ለጊዜው ግን አላስፈለጋትም።

ሁለተኛው ብልቃጥ እዚያው ፍሪጅ ውስጥ ነበር። ሳይከፈት ስምንት ወሩ ነው። ቋሚ ዕቃ ነው ወይስ አላቂ ዕቃ በሚለው ላይ የርክክብ ኮሚቴው ስላልተስማማ ቅጹ ላይ የዋናው ፊርማ አላረፈም።

ጨለሜ ወደ ሰው ሀብት ኃላፊው ወጣች።

«ዋናው ዜሮ ናቸው» አለችው።

ኃላፊው ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ድምፅሽን ቀንሺ። ምን ማለት ነው?»

«በዚህ አንቲቦዲ አያበሩም። ሁለተኛውን ብንከፍተው ያበራሉ።»

«ጎድሏቸዋል ነው የምትይው?»

«ምንም አልጎደላቸውም።»

«ታመዋል?»

«ጤነኛ ናቸው።»

ኃላፊው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። «ታዲያ ምን ታስደነግጭኛለሽ? ጤነኛ ናቸው፤ ዜሮ ናቸው። ጤና ዜሮ ነው ማለት ነው።»

ሁለተኛው ስብሰባ ይህንኑ በሚገባው ቋንቋ አጸደቀው። «ተቋሙ በራሱ አቅም ባካሄደው ጥልቅ ምርመራ የጤና መነሻ መለኪያ ከመቶ ዜሮ መሆኑ በማያሻማ ሁኔታ ተረጋግጧል። ማብራት በአንጻሩ የሕመም ምልክት ሆኖ ተገኝቷል። በመሆኑም የሠራተኛው የብርሃን ይዞታ በአስቸኳይ ይጣራ።» ጨለሜ እጇን አውጥታ ይህ ግልብጥ ነው አለች። ጸሐፊው «ባለሙያዋ የተለየ ማበረታቻ ሰጥታለች» ብሎ ያዘው።

የሠራተኛው ስም ዝርዝር አርባ አራት ነበር። አርባ አራቱም አበሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የተቋሙ ሰዎች ዛሬ ሲያስታውሱት አንገታቸውን ይደፋሉ። በዚያን ጊዜ ግን እንደዚያ የደመቀ ሳምንት አልነበረም። የሰው ሀብት ክፍል ለየሰዉ በደረቱ የሚንጠለጠል ቁጥር አደለ። ሠላሳ አራት የሆነ ሰው ሠላሳ ዘጠኝ የሆነውን ቀድሞ በር ይገባል። ሠላሳ ዘጠኙ አርባ ስድስቱን ሲያገኘው «አይዞህ፤ ዋናው ራስህን መጠበቅ ነው» ይለዋል። በምሳ ቤቱ ጥቂት የሚያበሩት ለብቻ፣ ብዙ የሚያበሩት ለብቻ ተቀመጡ። መዝገብ ቤቷ ሴትዮ አረንጓዴ ሹራቧን አውልቃ ለእህቷ ሰጠች። መካከለኛው ፎቅ ብርሃን ያባብሳል ብሎ መብራቱን አጠፋ፤ ሁለት ሰው በደረጃ ተንሸራተተ። የግዢ ኃላፊዋ ሠላሳ ሦስት ሆና የሴቶቹ አንደኛ ወጣች። ባሏ በሌላ መሥሪያ ቤት ተመርምሮ አርባ ሁለት ሲሆን፣ ልጆቹን ወደሷ ወገን አልጋ አዛወረቻቸው።

ከሁሉ የበለጠ ያበራው ሹፌሩ ነው። ሃምሳ ስምንት። በዚያው ቀን «ፓውዛ» የሚል ስም ወጣለት። የሰፈሩ ሰዎች ማታ ማታ እንዴት እንደሚተኛ ሚስቱን ጠየቋት። እንደ በሬ ያለ ጎልማሳ ነው፤ በሕይወቱ ጉንፋን ይዞት አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ግን ያመኝ ጀመር ብሎ ጨለሜ ዘንድ ወረደ።

«የቱ ጋ ነው የሚያምህ?»

«ቦታ የለውም» አለ ፓውዛ። «ሰው ሲያየኝ ነው።»

የሰው ሀብት ኃላፊውም ለብቻው ወረደ። እሱ አርባ አራት ነበር፤ ቁጥሩን በክራባቱ ሸፍኖት ነበር የሚውለው። ሠላሳ አድርጊልኝ አላት። ቁጥሩን የሚያወጣው ማሽኑ ነው አለችው።

«ማሽኑን የሚያበራው ማነው?»

«እኔ።»

«በቃ አጥፊው፤ ጠፍቶ ይቁጠረኝ።»

ሦስተኛው ስብሰባ መተዳደሪያ ደንብ አወጣ። አንቀጽ አራት እንዲህ ይል ነበር። «በጤና ከዋናው ጋር እኩል የሆነ ሠራተኛ ቢገኝ፣ ሠራተኛው በተሰበሰበበት በዋናው ቀኝ ተቀምጦ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል።» አንቀጹን ያረቀቀው የሰው ሀብት ኃላፊው ነው። በወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ማን እንዲሆን እንዳሰበ ለመገመት አስቸጋሪ አይደለም።

እስከዚህ ድረስ ያለው ቀልድ ነበር። አራተኛው ስብሰባ መንገዱን ተሻገረ።

ኮሚቴው መለኪያው ለሆስፒታሉ እንዲላክና አርባዎቹ በሽተኞች በዚያ እንዲመዘኑ ወሰነ። በአዲሱ መለኪያ በመጀመሪያ ደረጃ የዳነው አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ሆኖ ተገኘ። ከመቶ ዘጠኝ ብቻ ነው የሚያበራው፤ በበሽተኞቹ ውስጥ ለዋናው እንደሱ የተጠጋ የለም። ስለዚህ ሰኞ መድኃኒቱ ተቋርጦለት፣ እንኳን ደስ አለህ ተብሎ ከሆስፒታል እንዲወጣ፤ በአልጋው ሃምሳ ስምንት የሆነው ሹፌር እንዲተኛበት ተባለ። ወረቀቱ የላቦራቶሪ ባለሙያዋን ፊርማ ይፈልጋል። እስከ ዓርብ ካልፈረመች የግዢ ኃላፊዋ በውክልና ትፈርማለች።

ጨለሜ ሐሙስ ጠዋት ወንድሟ ዘንድ ሄደች። ወሬው ቀድሟት ደርሶ ነበር። ትራስ ተደግፎ ተቀምጧል።

«እታለም፣ ድነሃል አሉኝ» አላት።

«ማን አለህ?»

«ሁሉም። አስታማሚዋ አበባ ልታመጣልኝ ነው።» ትንሽ ተነፈሰ። «ድኜ ከሆነ መጸዳጃ ቤት ድረስ ደግፊኝ።»

ደግፋው ሄደች፤ ደግፋው መለሰችው። ክንዱ በእጇ ውስጥ ቀሎባት ነበር። ሰኞ ማንም ቢመጣ ከአልጋህ እንዳትወርድ ብቻ አለችው።

ስትመለስ በተቋሙ የግቢ በር አጠገብ ቆመች። ጨለማ ውስጥ የሚሠራ ሰው ብርሃን ሲያገኝ ያያል። በግቢው ውስጥ አርባ ስድስት ሰው አለ። አርባ አራቱ ሲገቡ ዘበኛውን «ጋሼ እንዴት አደሩ» ይላሉ፤ ጋሼም ለሁሉም ይመልሳሉ። ሰላም የማይባባሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። የዋናው መኪና ሲገባ ዘበኛው መሬት ያያሉ፤ ዋናው ስልካቸውን ያያሉ። ዋናው መናገር ሲጀምሩ ሁለት ጊዜ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፤ ዘበኛውም እንደዚያው። ሁለቱም ሲቆሙ የግራ አውራ ጣታቸውን በጣቶቻቸው ውስጥ ደብቀው ነው። ጨለሜ ይህን ካየች ዓመታት ሆኗታል፤ ምን እንደሚያደርግላት ግን አታውቅም ነበር። ያን ቀን በወረቀቱ ግርጌ የቀረው ዓረፍተ ነገር ትዝ አላት።

ዘበኛው አልተመረመሩም። ስማቸው በሠራተኛ መዝገብ ላይ የለም፤ የተመዘገቡት ከአጥሩና ከበሩ ጋር ነው።

«ጋሼ፣ ትንሽ ደም ይሰጡኛል?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ። «ለምን ልጄ?»

«ሁሉም ሰጥቷል።»

ጋሼ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

መጋረጃዋን ዘጋች። ግማሽ ሰዓት ጠበቀች። ማሽኑ ዜሮ አለ።

ወረቀቱን ይዛ ወደ በሩ ተመለሰች። ነገ በስብሰባው ላይ ይህን ላነብ ነው፤ እርስዎን የሚጎዳዎት ከሆነ ይንገሩኝና እተወዋለሁ አለቻቸው። ጋሼ ቁጥሩን አዩ። ለምን እንደሚያስፈልጋት ጠየቋት። ስለ ወንድሟ ነገረቻቸው። እስክትጨርስ አላቋረጧትም።

«ወንድም አለሽና» አሉ።

«አለኝ።»

«እኔ እንዳልናገር ምያለሁ» አሉ ጋሼ። «ማሽኑ አልማለም።»

ዓርብ አምስተኛው ስብሰባ ሲከፈት ሰው አዳራሹን ሞልቶት ነበር። ጨለሜ ፈርማ እንደመጣች ሁሉም ገምቷል። እሷ ግን በአንቀጽ አራት መሠረት በጤና ከዋናው ጋር እኩል የሆነ ሰው መገኘቱን ለማብሠር ፈቃድ ጠየቀች። የሰው ሀብት ኃላፊው ክራባቱን አስተካክሎ ከወንበሩ ከፍ አለ። ስሙ ሳይሆን «የበሩ ጠባቂ» የሚል ሲነበብ በአየር ላይ ቀረ፤ በኋላም ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ደንብ ደንብ ነው። ጋሼ ተጠሩ። ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ኮሚቴው በዋናው ቀኝ አስቀምጦ የምስክር ወረቀቱን ሰጣቸው። አዳራሹ አጨበጨበ። ዋናው ስልካቸውን አወጡ፤ ጋሼ መሬት አዩ።

ጸሐፊው ስለ ምስክር ወረቀቱ ማብራሪያ ፈለገ። «ከአርባ ስድስት ሰው ሁለት ብቻ እንዴት ሊሆን ቻለ? ሳይንሱ ምን ይላል?» አለ። ልጁ ክፋት አልነበረበትም፤ ለቃለ ጉባኤ ነው።

«ከብልቃጡ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ አለ» አለች ጨለሜ። «ላንብበው?»

«አንብቢው እንጂ» አለ የሰው ሀብት ኃላፊው፣ እንዳኮረፈ።

አነበበችው። «ይህ ሁኔታ በበሽታም በምግብም አይመጣም። ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ የሚታይ ሲሆን፣ እጅግ ብርቅ ነው። በአንድ አካባቢ ከአንድ በላይ ሰው ከተገኘ፣ አብዛኛውን ጊዜ የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናቸው።»

ዋናው ጉሮሯቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ። ወዲያው ጋሼም ሁለት ጊዜ ጠረጉ። በጠረጴዛው ላይ ሁለት ግራ እጆች ተቀምጠዋል። የሁለቱም አውራ ጣት አይታይም።

ፓውዛ ከኋላ ሆኖ «እንዴ፣ ፍሬሙ ላይ አንድያ ልጅ ይላል እኮ» አለ። እስከ መጀመሪያው መስመር ድረስ አንብቦ ነበር።

«አንቲቦዲው ተሳስቷል» አሉ ዋናው።

«ኮሚቴው ግን አጽድቆታል» አለ የሰው ሀብት ኃላፊው።

«ኮሚቴውም ተሳስቷል። ሁለተኛው ብልቃጥ አለ አልተባለም እንዴ?»

«አለ፤ የርስዎ ፊርማ ነው የቀረው» አለች ጨለሜ። ቅጹን ይዛ መጥታለች።

ዋናው በአሥራ አራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ኮሚቴ ፈረሙ። ቋሚ ይሁን አላቂ አልጠየቁም። ብዕሩ በቅጹ ላይ እያለ ጨለሜ ሌላ ወረቀት ከሥሩ አስገባች፤ የሆስፒታሉ ውሳኔ መሰረዙን የሚገልጽ ነው። እሱንም ፈረሙ። ጸሐፊው ቀና ብሎ ይህ እንዴት ይያዝ አለ።

«አይያዝም። ብዕርህን አስቀምጥ።»

«እኛስ?» አለ የሰው ሀብት ኃላፊው። «ታመናል ወይስ ድነናል?»

«ጤነኞች ናችሁ» አሉ ዋናው። «ውጡ።»

አርባ አራት ሰው በአንድ ጊዜ ዳነ። በሩ ላይ ተጋፉ፤ ቁጥር የሚጠይቅ አልነበረም። ፓውዛ ደረጃውን እያፏጨ ወረደ።

ሁለተኛው ብልቃጥ ተከፈተ። በሱ ሲመረመሩ ዋናው አርባ ሁለት ሆኑ፤ ጋሼ አርባ ሦስት። የአንዷ ብልጫ በምስጢር እንድትያዝ ተወሰነ። ሃያ ጤነኞች ደም ሰጡ፤ መለኪያው በነሱ ተሠራ። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር በዚያ መለኪያ ሲታይ በጣም የታመመ ሰው ሆነ፤ እሰየው። መድኃኒቱ አልተቋረጠበትም። በአራተኛው ሳምንት ማሽኑ አሥራ ሦስት አለ። ጨለሜ ጨለማ ውስጥ ሆና ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያ መብራቱን አብርታ ሦስተኛ ጊዜ አነበበችው።

የጋሼን የምስክር ወረቀት ግን የሻረው ሰው የለም። ያልተደረገ ስብሰባ የሰጠውን ወረቀት የሚሽር ደንብ አልተገኘም። ስለዚህ በዘበኛው ቤት መስኮት ላይ ተሰቀለ። «የዚህ ወረቀት ባለቤት ከዋና ዳይሬክተሩ ጋር እኩል ነው» ይላል። እንግዳ ሁሉ እያነበበው ይገባል። ዋናው በበኩላቸው ከዚያ ሳምንት ወዲህ በዋናው በር መግባት ትተው በኋላ በር ይገባሉ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጨለሜ በሩ ላይ ቆማ ጋሼን ጠየቀቻቸው። ሁለት ብቻ ናችሁ ወይ አለቻቸው። ጋሼ ሳቁ። ሲስቁ አይታቸው አታውቅም።

«ሰባት ነን» አሉ።

«የቀሩት የት ናቸው?»

«ሥራ እየፈለጉ ነው።»

በማግስቱ የዋናው የሕይወት ታሪክ ከምድር ቤቱ ግድግዳ ወርዶ ነበር። ፍሬሙ በነበረበት ቦታ፣ ቀለሙ ባልደበዘዘው አራት ማዕዘን ላይ፣ ኮሚቴው ማስታወቂያ ለጠፈ። ለኋላ በር አንድ ጠባቂ ይፈለጋል ይላል። ትምህርት አይጠይቅም፤ ልምድ አይጠይቅም። አመልካቹ ግን በመጀመሪያው አንቲቦዲ ተመርምሮ በግልጽ የሚያበራ መሆን አለበት።

ሦስት ሰዎች አመለከቱ። ጨለሜ መጋረጃዋን ዘግታ ሦስቱንም መረመረች።

ሁለቱ አበሩ።